ሳያዩ አየሁ ማለት

በሐጂ የሱፍ ሱቅ «የለም» የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሱቁ በካምፓላ ከተማ፣ ኪቡሊ ላይ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ደንበኛ ገብታ ኮረሪማ ብትጠይቅ፣ አለ። ጥቁር አዝሙድ ብትል፣ አለ። ለኒካህ የሚሆን ነጭ ሽቲ ብትል፣ ባዶውን መደርደሪያ በዓይኗ እያየችው እንኳ፣ አለ። ሐጂ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ቁጭ በይ እናቴ፤ አለ፤ አሁን ይመጣል» ይሉና በቅንድባቸው ልጃቸውን ሰፍዋንን ይጠቅሱታል። ሰፍዋን በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ግቢውን ያቋርጥና የጅማው ሰው ሸረፈዲን ሱቅ በኋላ በር ይገባል። የተፈለገውን ይዞ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከዚያ ከመጋዘን እንዳወጣ ሰው ረጋ ብሎ ይገባል። ሸረፈዲንም ሲጎድልበት እንዲሁ ወደ ሐጂ ይልካል። በሁለቱ ሱቆች መካከል ባለችው ግቢ፣ ዝናብ በማይለየው በዚህ አገር፣ ሣር በቅሎ አያውቅም።

ይህን ነገር ውሸት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ሐጂ ሰላታቸውን የማያስተጓጉሉ፣ ሚዛን የማያጎድሉ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘንድ «አለ» ማለት ከየትም ብዬ አመጣልሻለሁ የሚል ቃል ኪዳን ነበር። ቃሉ ቀድሞ ይወጣል፤ እውነቱ ከኋላ እየሮጠ ይደርስበታል። ያልደረሰበት ቀን ደግሞ አልነበረም፤ የሚሮጥ ልጅ ነበረ፣ የማያሳፍር ጎረቤትም ነበረ። ሰው በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ሲያድግ፣ እውነት ሁልጊዜ የምትደርስ ነገር ትመስለዋለች። ትንሽ ብቻ የምትዘገይ።

ያ ልጅ አድጎ አብራሪ ሆነ።

ሐጂ ከከሚሴ ተነሥተው፣ ናይሮቢን አልፈው ካምፓላ የገቡት በጉልምስናቸው ነው። ሰፍዋን ግን እዚሁ ተወለደ፤ ሉጋንዳውን ከመንገድ፣ አማርኛውን ከባንኮኒው ሥር፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት አገኘ። ከሱቁ ደጃፍ ሽቅብ ሲመለከት፣ አውሮፕላኖቹ የሚናራውን ጫፍ ታክከው የሚያልፉ ይመስለው ነበር። አድጎ «ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ» ያለ ቀን አባቱ ሳቁበት፤ ሱቁን ይወርሳል ብለው ነበርና። እናቱ ሃፍሳ ናት ነገሩን የያዘችው፤ በስንት ልመናና በስንት ዘመድ እጅ ተማረ። አሁን አርባውን አልፎታል፤ ጆሮ ግንዱ ሸብቷል። ማኪንድዬ ላይ ከሚስቱ ከኻሊዳ ጋር ይኖራል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ ሮሌክሱን፣ ያንን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ይበላና ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ በመኪኖቹ መካከል እየተሹለከለከ ወደ ሥራው ይሄዳል። የሚያበረው ባለ አንድ ሞተር፣ ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ነው። መድኃኒት፣ የእርዳታ ሠራተኞችና አንበሳ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ጭኖ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሳይመሽ ከሐይቁ ዳር ወዳለችው አነስተኛ ማረፊያ ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ኖረ፤ አንድም ክፉ ነገር አልገጠመውም።

በሰማይ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ። ቀኑ ጥርት ሲል፣ ማማው ላይ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ሊያርፍ የመጣውን አብራሪ ትጠይቀዋለች፤ «ከፊትህ የምታርፍ አውሮፕላን አለች፤ ትታይሃለች?» እስኪመልስላት ድረስ ሁለቱን አራርቆ የማቆየቱ ሸክም የእርሷ ነው። አንዱን ታዘገያለች፣ ሌላውን ታዞራለች፣ ከፍ አድርጋ ታቆያለች። «አየኋት» ካላት ግን ነገሩ ይገለበጣል። «እንግዲያው ተከተላት፤ በዓይንህ እያየህ ግባ» ትለዋለች፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በመካከላቸው ያለው ርቀት የአብራሪው አደራ ነው። እርሷ ፊቷን ወደ ሌሎቹ ትመልሳለች። ይህን የምታደርገው ከስንፍና አይደለም፤ የአንድ ሰው ዓይን ለሁሉ ስለማይበቃ ነው። አብራሪው ካላየ «አላየሁም፤ እየፈለግሁ ነው» ማለት ይችላል፤ ማንም አይቆጣውም፤ ሸክሙ እርሷ ትከሻ ላይ ይቆያል። አይቶ ከጠፋችበትም ወዲያው መናገር ነው። ይኸው ነው። የሰው ሕይወት ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የሚሻገርባት ድልድይ አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏም የዓይን ምስክርነት ናት።

ሰፍዋን ይህን ተፈትኖበታል፣ ለጀማሪዎችም አስተምሯል። ግን «ትታይሃለች?» ሲባል ምላሱ ከዓይኑ ይቀድማል። «አየኋት» ይላል፤ ከዚያ ይፈልጋታል። ዓይኑ ያቺን ግቢ እንደሚያቋርጠው ልጅ በሰማዩ ላይ ይሮጣል፤ ሁልጊዜም ያገኛታል፤ ትንፋሹንም ይሰበስባል። አንድ ጊዜ ይህንን እየሳቀ ለኻሊዳ ነግሯት ነበር። እርሷ ንሳምብያ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«እኔ ደሙን ሳላይ ‹ወባ የለበትም› ብዬ ብልክስ?» አለችው።

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«እኔ ወዲያው አገኛታለኋ!»

«እኔም ኋላ አየዋለሁ ብዬ ነዋ የምልከው» አለችና ሳህኑን ከፊቱ አነሣች። ሰፍዋን ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ የተለወጠው በዝናቡ ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐጂ የሱፍ በሰሜን ባለችው በአሩዋ ከተማ የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ በአውቶቡስ ሄደው ነበር፤ መንገዱ ወገባቸውን ፈጃቸው። ሰፍዋን በዚያው ቀን የእርዳታ ሠራተኞችን ሊያመጣ አሩዋ አርፎ ኖሮ አባቱን፣ መምጣቱን ሰምተው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጃቸው በሚያበረው ነገር ላይ ወጥተው አያውቁም።

«አባባ፣ ከእኔ ጋር ይምጡ። ቦታ አለ።»

«አንተ ነህ የምትነዳው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሌላ ረዳት የለም?»

«የለም።»

«የለም ማለት ደግሞ ከማን ተማርክ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት፤ ደግፎ አወጣቸው። ከጎኑ፣ በቀኝ በኩል ባለው ወንበር አስቀመጣቸው። በቆባቸው ላይ የጆሮ ማድመጫውን ሲያደርግላቸው፣ ሸሚዙ እንደሚለካለት ልጅ ዝም ብለው አዩት። ከኋላ የእርዳታ ሠራተኞቹ ገና ሳይነሡ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር።

በመንገዱ መጀመሪያ ሐጂ ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ነጭ አባይን ሲሻገሩ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ሰገግ አደረጉ። ካምፓላ ስትደርስ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኑ።

«ያ መስጊዳችን አይደል?»

«ነው አባባ።»

«እና ሱቁ... ሸረፈዲን ከፍቷል? ወይስ እኔ የለሁም ብሎ ዘግቶ ተኝቷል?»

«ከዚህ አይታይም።»

«ከዚህ ሆነህ ሸረፈዲን ካልታየህ ምኑን ፓይለት ሆንክ?» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ሰፍዋን አባቱ በእርሱ ሥራ ውስጥ ሲስቁ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ምናልባት ያ ሙቀት ነው ለኋላው ነገር ያዘናጋው። ሰው አባቱ ፊት ጎበዝ መሆን ሲያምረው ዕድሜ አያግደውም።

ዝናቡ ገና ማለፉ ነበር። ፀሐይዋ በቀኝ በኩል፣ በሐጂ መስኮት፣ ዝቅ ብላ ትመታለች። ከሥር እርጥብ የቆርቆሮ ጣራ ሁሉ በየኮረብታው ያብለጨልጫል፤ ከፓፒረሱ ረግረግ እንፋሎት ይነሣል። ሐይቁና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም።

በጆሮው የናንዮንጋ ድምፅ መጣ። ናንዮንጋ ማማው ላይ ለብዙ ጊዜ የሠራች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት፤ አብራሪዎቹ ሁሉ ከመልኳ ይልቅ ድምፅዋን ያውቁታል።

«ሁለተኛ ነህ። ከፊትህ ቢጫ የማሠልጠኛ አውሮፕላን አለች፤ ከሐይቁ ዞራ ረግረጉ ላይ ወደ ማኮብኮቢያው እየተመለሰች ነው። ብቻዋን የምትበር ተማሪ ናት። ትታይሃለች?»

ሰፍዋን ወደ ቀኝ ተመለከተ። ፀሐይ ብቻ።

«አየኋት» አለ።

«ተከተላት። በዓይንህ እያየህ ግባ።» ወዲያውም ድምፅዋ ወደ ሌላ ዞረ፤ ሊነሣ የተዘጋጀ ሄሊኮፕተር ነበርና ከእርሱ ጋር መነጋገር ጀመረች።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። በካምፓላ ይህን ሁሉ ዘመን ሲነግዱ እንግሊዝኛው አይጠፋቸውም። ልጃቸው ጥያቄ ተጠየቀ፣ ሳያመነታ መለሰ። ደስ አላቸው።

ሰፍዋን ፍለጋውን ጀመረ። ከረግረጉ ጫፍ ተነሥቶ ዓይኑን ወደ ማኮብኮቢያው ቀስ እያደረገ አመጣ። ቢጫ ነገር የለም። ከሐይቁ ዳርቻ እንደገና ጀመረ። አንድ ነጭ ብልጭታ አየና ልቡ ዘለለ፤ ጣራ ነበር። ሌላ ጥቁር ነገር ክንፉን ዘርግቶ ሲንሳፈፍ አየ፤ ካሮሊ ነው፣ ያ የቆሻሻ ክምር ላይ የሚውለው ትልቅ ወፍ። አሁን ትመጣለች፣ አለ በልቡ። ፍጥነቱን ቀነሰ። የማሠልጠኛዋ አውሮፕላን ዝግተኛ ናት፤ የእርሱ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢያዘገያት ከእርሷ ትፈጥናለች። ከፊቱ ያለው የገዛ አውሮፕላኑ አፍንጫ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ከዚያ ሽፋን ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድም ሰው የለም። ናንዮንጋ አታውቅም፤ እርሱ ያውቃል ብላ ትታዋለች። ተማሪዋ አታውቅም፤ ከኋላዋ የሚያያት አለ ብላ ፊቷን ወደ ማኮብኮቢያው ሰጥታለች።

አውራ ጣቱ የመገናኛው ቁልፍ ላይ አረፈ። አልተጫነውም።

መጫን ቀላል ነው። ቁልፉ የሚከብደው ከሥሩ በተኛው ነገር ነው። ሬዲዮው የሁሉም ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ይሰማል፣ ሜዳው ላይ ያሉት ባልደረቦቹ ይሰማሉ፣ ራሱ ያስተማራቸው ልጆች ይሰማሉ። ካፒቴን ሰፍዋን አሁን አየሁ ያላትን አላየኋትም ሊል ነው። አባቱም ከጎኑ ናቸው። አንድ ትንፋሽ ልጠብቅ፣ አለ። ጠበቀ። አንድ ልድገም፣ አለ። መሬቱ ከፍ እያለ መጣ፤ የጣራዎቹ መካከል፣ የሙዝ ተክሉ፣ ቀዩ መንገድ፣ መንገዱ ላይ ያለው ቦዳ ሳይቀር ለየለት። ቢጫዋ ግን የለችም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

«አባባ» አለ፤ ድምፁን እንደ ቀልድ ሊያደርገው ሞከረ። «በእርስዎ በኩል፣ ወደ ታች፣ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ትታይዎታለች?»

«አለች» አሉ ሐጂ።

አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። ሙስበሃቸው በጣታቸው መካከል እንደተያዘ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ፊት ላይ እንደሆነ፣ በዚያ በሚያረጋጋ፣ በዚያ ደንበኛን ወንበር ላይ በሚያስቀምጥ ድምፅ ነበር ያሉት።

ሰፍዋን ያን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ልጅነቱን ሙሉ ያን ድምፅ ሰምቶ ተነሥቷል። ያ ድምፅ ሲሰማ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሩጥ። በዚህች ጠባብ ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰዎች አለች ብለዋል፤ ሁለቱም አላዩም። ከእነርሱ ጀርባ ሰዎች ተኝተዋል፤ ከፊታቸው የሆነ ቦታ አንዲት ልጅ ብቻዋን ናት። እዚህ ደግሞ የጓሮ በር የለም። ሸረፈዲንም የለም።

ቁልፉን ተጫነው።

«ታወር፣ ከፊቴ ያለችው አትታየኝም።»

ከዚያ የመጣችው ዝምታ አጭር ነበረች፤ ሰፍዋን ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። በዚያች ዝምታ ውስጥ አንዲት ሴት የተወችውን ሸክም መልሳ ስታነሣ ሰማ።

«ውጣ! አሁኑኑ ውጣ፣ ወደ ግራ ታጠፍ!» አለች ናንዮንጋ፤ ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃን እንደምታባብል፣ «ቢጫዋ፣ አንቺ ባለሽበት ቀጥይ፤ ምንም አትንኪ፤ ቀጥይ።»

ሞተሩ አጓራ። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፤ የሐጂ ሙስበሃ ወለሉ ላይ ወደቀ። ክንፉ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሰፍዋን በራሱ መስኮት ቁልቁል ተመለከተ፤ ያኔ አያት። በቀኝ፣ በፀሐይዋ ውስጥ፣ በአባቱ በኩል ሲፈልጋት ቆይቷል፤ እርሷ ግን ቀድማ ዞራ ገብታ ኖሯል፤ በእርሱ በኩል፣ ከእግሩ ሥር ነበረች። ቢጫው ክንፏ ላይ የተጻፉትን ፊደሎች አንድ በአንድ ማንበብ ይቻል ነበር። እንደታዘዘችው ምንም ሳትነካ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ቀስ ብላ ወደ ማኮብኮቢያው ትወርዳለች።

ሐጂም በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ። «ይቻት! አለች አላልኩህም?» ሊሉ አፋቸው ተከፈተ፤ «ይቻት» ብለው ቀሩ። የቀረውን ዋጡት።

ዞሮ ካረፈ በኋላ አባቱን ጥላ ሥር አስቀመጠና ወደ ማማው ሄደ። ናንዮንጋ ከመቀመጫዋ ተነሥታለች፤ በቦታዋ ሌላ ሰው ተተክቷል። ጥግ ላይ ባለች ወንበር ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ጨብጣ ተቀምጣ አገኛት። አለቃዋ አጠገቧ ቆሟል።

«ካፒቴን» አለች ቀና ብላ፤ «የት ላይ ነው የጠፋችብህ?»

ሰፍዋን በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ቀጠለች። «ፀሐይዋ ዓይንህን እንደምትመታ እያወቅሁ ልጅቷን አደራ ሰጠሁህ። አይቶ ይጠፋበታል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ለእርሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።»

አለቃዋ ወደ ሰፍዋን ዞረ። «ነገሩ እስኪጣራ ከማይክሮፎን ትነሣለች። መቼም ሥርዓቱ ነው። አንተ የሚገባህን ነው ያደረግኸው፤ ስትጠፋብህ ወዲያው ተናግረሃል። ሥራህን አውቀሃል።»

እዚህ ላይ ነበር እውነተኛው ፍርድ የተቀመጠው። ሰማይ ላይ ያለው በእግዚአብሔር ቸርነት ወይም በአላህ፣ እንደየሰዉ አጠራር፣ አልፏል። የሬዲዮውን ንግግር የሚቀርጸው ቴፕ የተናገረውን ቃል ይዟል፤ ዓይኑ ያየውንና ያላየውን ግን የያዘ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። አይቶ መሳት ወንጀል አይደለም፤ በማንም ላይ ይደርሳል። ሳያዩ አየሁ ማለት ግን የአብራሪነት ፈቃዱን ከእጁ የሚያስወጣ ነገር ነው፤ ምናልባት ለዘለቄታው። ዝም ቢል ዝምታው ብቻውን ይበቃዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን ቢነቀንቅ ነገ ቦዳው ላይ ተፈናጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያቺ ሴት ግን እዚያች ወንበር ላይ ትቀራለች፤ ያልጠፋ ነገር በእኔ ጠፋ እያለች።

የሰው ልጅ ሕሊና በብዛት የሚፈተነው እንዲህ ነው። ዋሽ የሚለው የለም፤ ሌላው ሰው በቅን ልቡ የሠራለትን ውሸት ዝም ብሎ እንዲለብስ ብቻ ይጠበቃል። ልብሱም ልክ ይሆነዋል።

«አልጠፋችብኝም» አለ ሰፍዋን።

«ምን?»

«ከመጀመሪያውም አላየኋትም።»

ናንዮንጋ ቀስ ብላ ተነሣች። «‹አየኋት› አልከኝ እኮ!»

«ብያለሁ።»

«ምንም ሳታይ?»

«ምንም።»

«ለምን?»

ይህ ሁሉ ትምህርት፣ ይህ ሁሉ ዓመት፣ ያቺ ግቢ፣ ያቺ የጓሮ በር፤ እንዴት ተብሎ በእንግሊዝኛ ይነገራል? «ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም የዕብድ ንግግር ሆኖ ተሰማው።

«እኔ እጄን ያነሣሁት አንተ የያዝካት መስሎኝ ነው!» አለች። ድምፅዋ እስከዚያን ቀን በሬዲዮ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነበር። «ገባህ? ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። እኔ ትቻታለሁ፣ አንተም አልያዝካትም። በዚያች ሰዓት ማንም አልያዛትም! ‹እየፈለግሁ ነው› ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? አዞራት ነበር፤ አንተንም አቆይህ ነበር። ሥራዬ እኮ ነው፣ ጌታው!»

አለቃዋ ክንዷን ያዝ አደረጋት። እርሷም ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። «ሂድ አሁን» አለች። «እባክህ ሂድ።»

ሰፍዋን ወረደ። ፈቃዱ በዚያው ሳምንት ታገደ። ባልደረቦቹ በስልክ «ሰውዬ፣ አፍህን ምን አሳከከህ? ማን አየህ?» አሉት። ማን አየህ ያሉት ነገር ለብዙ ቀን በጆሮው ቀረ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበርና። ኻሊዳ እርሱ የመጣ ዕለት አጠገቡ ተቀመጠች፤ የወባውንም ነገር አላነሣችበትም። ናንዮንጋ ወደ ማይክሮፎኗ መመለሷን የሰማው ከሌላ ሰው ነው። እርሱንም መርማሪዎቹ ጠርተው ጠየቁት፤ ያለውን ሁሉ ነገራቸው። በኋላም ዝናቡ ሲያባራ እንደ ጀማሪ ከሥር ጀምሮ እንዲፈተን ተወሰነ። ሊያልፍ ይችላል፤ ላያልፍም ይችላል።

እስከዚያው ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሐጂ ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም። ጎረቤቱ «ልጅዎ ምነው ከሰማይ ወረደ?» ሲላቸው «አባቱን ሊረዳ ነዋ» ይላሉ። ሸረፈዲን ደግሞ ሰፍዋንን ባንኮኒው ጀርባ ሲያየው «ካፒቴን፣ እዚህ ቤት ማረፊያው ጠባብ ነው፤ መደርደሪያውን እንዳትገጭ» እያለ ይቀልድበታል። ሰፍዋን ይስቃል። ደንበኛ መጥታ የሌለ ነገር ስትጠይቅ ግን፣ የአባቱ ቅንድብ ከመነሣቱ በፊት «ቆዪ፣ ልይልሽ» ይልና መሰላሉን ይዞ ይወጣል። ላይኛውን መደርደሪያ ያያል፣ ታችኛውን ያያል፣ ከዚያ «እኛ ዘንድ አልቋል፤ ሸረፈዲን ጋር አለ» ይላል። ደንበኛዋም በፊት በር ወጥታ ትሄዳለች። ሐጂ ይህን እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ዝምታ በቀን በቀን እየከበደ መጣ። ሰፍዋን አንዳንዴ ሲያስበው፣ ፈቃዱን ከማጣት ይልቅ ይህ ዝምታ ነበር የሚያስፈራው።

አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከደመናው ውስጥ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ትንሽ ናት፤ ሞተሯ አንድ ነው። ሐጂ ሙስበሃቸውን አቆሙ።

«ታየችህ?» አሉ ከወንበራቸው።

ሰፍዋን ወደ ደጃፉ ወጣ። ደመናው ከማኪንድዬ እስከ ንሳምብያ ተዘርግቷል። የሚናራውን ጫፍ አየ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን አየ፣ ካሮሊዎቹን አየ።

«አላየኋትም አባባ። ድምፅዋ ይሰማኛል። እየፈለግሁ ነው።»

ከኋላው የወንበር እግር ሲንቋቋ ሰማ። ሐጂ የሱፍ ወጥተው ከጎኑ ቆሙ፤ እጃቸውን ከቅንድባቸው በላይ አድርገው፣ አንገታቸውን እስኪያማቸው ቀና አድርገው ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ፈለጉ። ቸኩለው አልነበረም። መንገደኞች አልፈዋቸው ሄዱ፤ አንድ ቦዳ ነጂ ምን አዩ ብሎ እርሱም ቀና ብሎ አለፈ።

«እኔም አላየኋትም» አሉ።

ሰፍዋን ዓይኑን ከደመናው ወደ አባቱ መለሰ።

«ያን ዕለትም» አሉ ሐጂ፤ እጃቸውን ሳያወርዱ።

ሁለቱም እንደቆሙ ቀሩ። ድምፅዋ ከደመናው በላይ ወደ ሐይቁ እየራቀ ሄደ፤ እነርሱ ግን አሁንም እየፈለጓት ነበር።